«እጮኛዬ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር ያነጋል!»

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ሲያስቀኝም ሲያሳስበኝም ነው የሰነበተው። ጸሐፊዋ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የምትኖር የ26 ዓመት ወጣት ናት። «ስሜን እንዳታወጣው» ብላ አደራ ሰጥታኛለች፤ አደራ ደግሞ አይበላም። ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ፦

«እጮኛዬ መልካም ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሌላ ሴት ዞር ብሎ አያይም። የእኔ ችግር ሌላ ነው። አምና አንድ ዩኒቨርሲቲ ከመጋዘን አውጥቶ ከሸጠው ኮተት ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በ20 ዶላር ገዝቶ መጣ። ሰን የሚባል ዓይነት ነው። ከአልጋችን አጠገብ አስቀምጦታል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብነቃ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ አገኘዋለሁ። ‹ምን እየሠራህ ነው?› ስለው ‹ፖርት እያደረግን ነው› ይለኛል። ‹ከማን ጋር?› ‹ከጃፓንና ከጀርመን ልጆች ጋር።› ‹ስንት ይከፍሏችኋል?› ‹ምንም!› ባለፈው ወር የሠርጋችንን ቀን ለመቁረጥ ቤተሰቦቼ ዘንድ ተቀጥረን ነበር። ‹ዛሬ ከርነሉ ሊነሳ ስለሆነ አንቺ ቅደሚ፣ እደርሳለሁ› ብሎኝ በዚያው ቀረ። እናቴ ፊት አፈርኩ። ልታገሠው ወይስ ልተወው?»

እንግዲህ እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የምተዳደር ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አይደለሁም። ግን ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ተከሳሹን ባላገኘውም ሥራውን አጠያየቅኩ፤ አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ከጠበቅኩት በላይ ስለሆነብኝ ለሁላችሁም ላካፍላችሁ ወደድኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ይሄ ጣውንት ማን ነው?

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በየቤቱና በየቢሮው የነበረው ተራ ኮምፒውተር አቅሙ ደካማ ነበር። መኪናና አውሮፕላን የሚነድፉ መሐንዲሶች፣ ተመራማሪዎችና የፊልም ሰዎች የሚገለገሉበት ሌላ ዓይነት ነበር። ወርክስቴሽን ይባላል። ሰን፣ ሲሊከን ግራፊክስ፣ ዲጂታል፣ ሂውሌት ፓካርድና ኔክስት የተባሉት ኩባንያዎች ይሠሩት ነበር። ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ያቋቋመው ኔክስት በ1988 ያቀረበው ኮምፒውተር 6,500 ዶላር ነበር የሚሸጠው።

ዝናውስ? ዛሬ ሁላችንም በስልካችን የምንከፍተው ዌብ የተወለደው በ1990 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል፣ ቲም በርነርስ ሊ በኔክስት ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ነው። በ1993 በወጣው በጁራሲክ ፓርክ ፊልም ላይ በኮምፒውተር የተሠሩት ዳይኖሰሮች የሲሊከን ግራፊክስ ማሽኖች ውጤት ናቸው። አያችሁ? የጣውንቷ ዘመዶች ቀላል አይደሉም!

ኋላ ግን ተራው ኮምፒውተር እየረከሰም እየፈጠነም መጣና ገበያውን ወሰደው። ዲጂታል በ1998 ለኮምፓክ ተሸጠ። ኮምፓክም በ2002 ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ተቀላቀለ። ሲሊከን ግራፊክስ በ2009 ኪሳራ አወጀ። ሰን በ2010 ኦራክል ኪስ ገባ። ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ማሽኖቹ በየመጋዘኑ ቀሩ።

አሠራራቸው ጠንካራ ስለነበር ብዙዎቹ ዛሬም ሲበሩ ይነሳሉ። ችግሩ አብሯቸው የተሸጠው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ማሽኑን ከላይ እስከ ታች የሚያዘው ዋናው ፕሮግራም፣ ማርጀቱ ነው። ለምሳሌ የሲሊከን ግራፊክሱ አይሪክስ የመጨረሻ እትሙ የወጣው በ2006 ነው። ኮዱ የኩባንያው ምስጢር ስለሆነ የውጭ ሰው ገብቶ ሊያድሰው አይችልም። ከኢንተርኔት ጋር ቢያገናኙት በሩን ክፍት ትቶ እንደተኛ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ይዞት ይሄድ ነበር።

«ፖርት እያደረግን ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በጎ ፈቃደኞቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ማንም ወስዶ ሊያነባቸውና ሊቀይራቸው የሚችል፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አሉ። ኦፕን ሶርስ ይባላሉ። ሊኑክስ፣ ኔትቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ለአንድ ዓይነት ማሽን የተጻፈውን ሲስተም ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው እንግዲህ ፖርት ማድረግ የሚባለው።

ቀላል መሰላችሁ? አይደለም። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ያኔ ደግሞ ኩባንያዎቹ የየራሳቸው አንጎል ነበራቸው። ሰን ስፓርክ፣ ዲጂታል አልፋ፣ ሂውሌት ፓካርድ ፒኤ-ሪስክ፣ ሲሊከን ግራፊክስ ሚፕስ ይጠቀሙ ነበር። ቋንቋቸው አይገናኝም። ለአንዱ የተዘጋጀን ፕሮግራም ለሌላው መስጠት አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው በፊንላንድኛ እንደማውራት ነው።

ፊንላንድን ካነሳሁ አይቀር፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ሄልሲንኪ የሚማር ተማሪ ነበር። ሥራው ለራሱ ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ እንደሆነና ወደ ሌላ ማሽን ለመሄድ እንደማይመች በወቅቱ ራሱ ጽፏል። በ1994 ግን የዲጂታል ባልደረባ የነበረው ጆን ሆል አገኘውና ሥራውን ስለወደደለት የአልፋ ኮምፒውተር እንዲላክለት አደረገ። በማርች 1995 ሊኑክስ 1.2 ሲወጣ ከተራው ኮምፒውተር ሌላ አልፋን፣ ስፓርክንና ሚፕስን ይዞ ወጣ። ያኔ አልፋ አዲስ፣ ውድ ማሽን ነበር። ከዓመታት በኋላ ፋብሪካው ሲተወው ሲስተሙ ግን አልተወውም። በ1993 የተጀመረው ኔትቢኤስዲ ደግሞ ዋና ዓላማው በተቻለ መጠን በሁሉም ማሽን ላይ መሥራት ነው። ከ50 በላይ በሆኑ የማሽን ዓይነቶች ላይ ይሠራል፤ ያ የጆብስ ኔክስት ሳይቀር!

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ አሮጌው ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር የተባለ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቀጥሎ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ተዘጋጅቶ በኔትዎርክ ሽቦ ወደ ማሽኑ ይላካል። በሌላ ቀጭን ገመድ ደግሞ ከማሽኑ የሚመጣ ድምፅ ይጠበቃል። ድምፅ ስል ፊደል ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አይመጣም። ኮዱ ይታረማል፣ እንደገና ይላካል፣ እንደገና ዝም! አንድ ሌሊት ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል ብቅ ትላለች። ማሽኑ ተናገረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሜሞሪውን ማስተዳደር፣ ዲስኩን ማስነበብ፣ የኔትዎርክ ካርዱን ማናገር ይቀጥላል። የድሮው ኩባንያ መመሪያ ካልተገኘ ሕመሙን መናገር እንደማይችል ሕፃን እየነካኩ መመርመር ነው።

የብረቱም ጣጣ አለ። የብዙዎቹ የድሮ ሰን ማሽኖች ሰዓትና መታወቂያ ቁጥር የሚቀመጠው ባትሪው ከውስጡ በታሸገ አንድ ቺፕ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ የኔትዎርክ አድራሻውን ይረሳል፤ መታወቂያው እንደጠፋበት ሰው ማንነቱን ማስረዳት ያቅተዋል። በጎ ፈቃደኞቹ የቺፑን ላስቲክ ከላይ ቆርጠው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ በብየዳ ያያይዙለታል። የእህታችን እጮኛ መጋዝና መበየጃ ይዞ ካያችሁት እንግዲህ አትደንግጡ!

ታዲያ ምን ይጠቅማል?

«በ20 ዶላር ለተገዛ ኮተት ይሄ ሁሉ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። መልሱን የሰጠኝ የኦፕንቢኤስዲ ታሪክ ነው።

ኦፕንቢኤስዲ በ1995 ከኔትቢኤስዲ ተገንጥሎ የተመሠረተ፣ ለደህንነት ጥብቅ በመሆኑ የታወቀ ሲስተም ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ማሽን የሚዘጋጀው እዚያው ማሽን ላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ይህ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ የፕሮጀክቱ መሪ ቲዮ ዴ ራት ቤት ውስጥ አዲስም አሮጌም ማሽኖች ተደርድረው ቀን ከሌሊት ይሠሩ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ላይ ለመብራት ክፍያ 20,000 ዶላር ጎደለንና እርዱን ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ብዙ ሰው «እነዚያን ቅርሶች ለምን አታጠፏቸውም?» ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ገንዘቡ ተገኘ። የጥያቄው መልስ ግን ከገንዘቡ ይበልጣል፦ አሮጌዎቹ ማሽኖች አዲሶቹ ላይ የተደበቀውን ስህተት ያጋልጣሉ!

እንዴት? ሁለት ምሳሌ ልስጥ። «3/4 እንገናኝ» ብዬ ብጽፍላችሁ አሜሪካ ያለው ማርች 4 ብሎ ያነበዋል፤ አውሮፓ ያለው ደግሞ ኤፕሪል 3። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለያየው ቅደም ተከተሉ ነው። ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ናቸው። ትልቅ ቁጥር ሜሞሪ ውስጥ ሲያስቀምጡ የኢንቴሉ ከትንሹ ጫፍ ይጀምራል፤ የስፓርኩ ከትልቁ። በግዴለሽነት የተጻፈ ፕሮግራም ኢንቴል ላይ ሲሄድ ደህና ይመስላል፤ ስፓርክ ላይ ሲወጣ ጉዱ ይፈላል።

ሁለተኛው የታክሲ ወንበር ነው። ኢንቴል እንደ ቸልተኛ ረዳት ነው፤ በሁለት ወንበር መሀል ብትቀመጡም ዝም ይላል። ስፓርክ ግን ቁጥሩ በተመደበለት ቦታ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ፕሮግራሙን እዚያው ያስወርደዋል። ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ውርደት ነው፤ ግን ስህተቱን ሌባ ሳያገኘው እሱ አገኘው። ከኦፕንቢኤስዲ ሰዎች እጅ በ1999 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰርቨሮችን ከሩቅ ለማስተዳደር የሚሠራበት ዋነኛ ፕሮግራም ነው። ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ገንዘብና ምስጢር በእንዲህ ዓይነት ሥራ ይጠበቃል ማለት ነው።

ሰዎቹም በስሜት ብቻ የሚነዱ እንዳይመስላችሁ። መቀጠል የማያዋጣ ሲሆን ያቆማሉ። ኦፕንቢኤስዲ ቫክስ የተባለውን የዲጂታል ጥንታዊ ማሽንና የቀድሞውን ባለ32 ቢት ስፓርክ በ2016 ተወ፤ የሲሊከን ግራፊክሱን ደግሞ በ2021።

አንድ ማሽን የሚሞተው መቼ ነው?

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ይሄ ነው። ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽን ይሞታል ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

ደቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት እንይ። የድሮዎቹ የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰሮች ከይፋዊ እትሙ የወጡት በ2007 ነው። አልፋና ፒኤ-ሪስክ በ2011 ወጡ፤ ስፓርክ በ2015። ግን አልሞቱም። ደቢያን ፖርትስ በተባለ ጓዳ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ይዘዋቸው ቀጠሉ። በአንጻሩ ኢታኒየም የተባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ተመልከቱ። ሂውሌት ፓካርድና ኢንቴል ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱበት፣ እስከ 2021 ለገበያ የቀረበ ነው። በጃንዋሪ 2024 የወጣው ሊኑክስ 6.7 ግን ኢታኒየምን አሰናብቷል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የሚንከባከበው ሰው ጠፋ!

አያችሁ አይደል? ከኢታኒየም ብዙ ዓመት ቀድሞ ገበያ የወጣ ማሽን አስታማሚ ስላገኘ ይኖራል፤ የትናንቱ ደግሞ አስታማሚ አጥቶ ይቀበራል። ማሽን የሚሞተው ፋብሪካው ሲዘጋ አይደለም፤ የመጨረሻው ሰው ደክሞት ሲነሳ ነው።

ነገሩ እንደ ዕድር ነው። አንዱ ማሽን ያዋጣል፣ አንዱ ትርፍ ዲስክ በፖስታ ይልካል፣ አንዱ ጊዜውን፣ አንዱ እውቀቱን። ግን እንደማንኛውም ዕድር ሸክሙ በአንድ ጸሐፊ ላይ ሲወድቅ አደጋ ነው። ያ ሰው ሥራ ቢቀይር፣ ቢታመም፣ ወይም ቤቱ ቢበጠበጥ ማሽኑም አብሮ ይሄዳል።

ለእህቴና ለእጮኛዋ

እህቴ ሆይ፣ ይህን ካልኩ በኋላ ወደ አንቺ ልምጣ። እጮኛሽ የያዘው ሱስ አይደለም፤ እብደትም አይደለም። በነፃ የሚሰጠው ሥራ ነው፤ ሰው ሲጥል እሱ ያነሳል። በ20 ዶላር የተገዛን አሮጌ ዕቃ በቀላሉ የማይተው ሰው ሚስቱን በቀላሉ ይተዋል ብዬ አላስብም። ስለዚህ አትተዪው። ግን ዝም ብለሽ ቻዪውም አልልሽም።

አንደኛ፣ ያ የወፍጮ ቤት ከመኝታ ቤት ይውጣ። ወርክስቴሽን ስክሪንና ኪቦርድ ሳይሰካለት በገመድና በኔትዎርክ ከሌላ ኮምፒውተር ሊታዘዝ ይችላል። ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ይጩህ!

ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት በቂ ምክንያት የለውም። በአሮጌው ማሽን ላይ ሰዓታት የሚፈጀውን ከርነል በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ አዘጋጅቶ መላክ ይቻላል። ክሮስ ኮምፓይል ይሉታል። የኔትቢኤስዲ ሰዎች ለዚህ የሚያመች መሣሪያ አላቸው። «አይቻልም» ካለሽ ይህን ጋዜጣ አሳዪው!

ሦስተኛ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት የእሱ ይሁን፤ የቀረው የሁለታችሁ። አንዳንዴ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ «አሁን ምን ላይ ደረሳችሁ?» በይው። ያቺ የመጀመሪያ ፊደል ብቅ ስትል አብሮት የሚደሰት ሰው ማግኘት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ለአንተ ለወንድሜ ደግሞ፦ በሠርግህ ቀጠሮ መቅረትህ ጥፋት ነው። ከርነል ነገም ይነሳል፤ የአማት ቅያሜ ግን በአንድ ሌሊት አይነሳም። እናቷ ቤት ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ሌላም ልንገርህ። የምታውቀውን ሁሉ ጻፈው፣ ለጃፓኑም ለጀርመኑም ልጅ አካፍለው። «እኔ ከሌለሁ አይሆንም» ማለት ያኮራል፤ ግን ማሽኑን በአንድ ሰው ጤና ላይ ማንጠልጠል ነው። ከልብህ የምትወደው ከሆነ አንተ በሌለህበትም እንዲሠራ አድርገው።

ልሞክር ለምትሉ

«እኔም ልሞክር» የምትሉ ወጣቶች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አሮጌ ወርክስቴሽን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልጋችሁም። ኪውኢሙ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፓችሁን እንደ ስፓርክ፣ እንደ አልፋ ወይም እንደ ፒኤ-ሪስክ ማሽን እንዲሆን ያስመስለዋል። ኔትቢኤስዲን በነፃ አውርዳችሁ እዚያ ላይ ጫኑት። ቢበላሽ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው፤ የሚቃጠል ዕቃ የለም።

ከዚያ በትንሹ ጀምሩ። አዲስ እትም ሲወጣ ሞክሮ የሆነውን ማሳወቅ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው። «አልሠራም» ብቻ ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል በቃል ገልብጡና የማሽኑን ዓይነትና የሲስተሙን እትም ጨምሩ። ያረማችሁትን ኮድ ስትልኩ ነባሮቹ «ይሄ አይሆንም» ብለው በአጭሩ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። እንደ ስድብ አትቁጠሩት። ጠባያቸው ነው፤ ምክንያቱን ጠይቁ፣ አስተካክሉ፣ መልሳችሁ ላኩ። ዲግሪህን አሳየን የሚል የለም። የሚታየው ሥራችሁ ነው፤ ያረማችሁትም ከነስማችሁ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለሥራ ስታመለክቱ ከወረቀት በላይ የሚናገርላችሁ እሱ ነው።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። የናንተም ቤት ተመሳሳይ ጣውንት ካለ፣ ኮምፒውተርም ይሁን ኳስ፣ ጻፉልኝ፤ ስማችሁ አይወጣም። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!